«ወራጅ አለ»፤ የእንግሊዝኛ ሐረጋዊ ግሥ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት

ከሜክሲኮ ተነሥቶ በሳር ቤት በኩል ወደ መካኒሳ የሚሄደው ታክሲ አቦ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲደርስ ከኋላ ወንበር «ወራጅ አለ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ረዳቱ ያስቆማል፤ ተሳፋሪውም ይወርዳል። ደብተሩን ታቅፎ በዚያው ታክሲ ውስጥ የተቀመጠ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይህንኑ ተራ ነገር በእንግሊዝኛ እንዲናገር ቢጠየቅ ቶሎ የሚመጣለት ቃል «ዲሴንድ» ነው። ቃሉ ስሕተት የለበትም፤ መዝገበ ቃላትም ይመሰክርለታል። ይሁን እንጂ በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው ከታክሲ ሲወርድ «ዲሴንድ» አይልም። ከትንሽ መኪና ከሆነ «ጌት አውት»፣ ከአውቶቡስ ከሆነ ደግሞ «ጌት ኦፍ» ይላል። «ጌት» ለብቻው ማግኘት ወይም መቀበል ነው። «ኦፍ» ለብቻው ከአንድ ነገር ላይ መለየትን ያመለክታል። ሁለቱ ሲጋጠሙ ግን ከሁለቱም የተለየ አንድ ግሥ ይሆናሉ።

የሰዋስው ሰዎች ይህን ዓይነቱን ጥምረት ሐረጋዊ ግሥ ይሉታል። አንድ አጭርና የተለመደ ግሥ ከኋላው «አፕ»፣ «ዳውን»፣ «ኢን»፣ «አውት»፣ «ኦፍ»፣ «ኦን» ከሚሉት ትንንሽ ቃላት አንዱን ያስከትላል፤ ትርጉሙም ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ድምር አይገኝም። «ጊቭ» መስጠት፣ «አፕ» ወደ ላይ ማለት ሆኖ ሳለ «ጊቭ አፕ» ግን ተስፋ መቁረጥ ወይም መተው ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ በማለዳ ከአልጋው ተነሥቶ፣ ልብሱን ለብሶ፣ መብራቱን አጥፍቶ ከቤቱ እስኪወጣ ድረስ የሚናገረው በአብዛኛው በእነዚህ ግሦች ነው። በእንግሊዝኛ ለዓመታት ሲማር የቆየ ኢትዮጵያዊ ወጣት ስለ ሕገ መንግሥት ወይም ስለ ሥነ ሕይወት የተጻፈ ምዕራፍ አንብቦ ሲረዳ፣ እናት ለልጇ በማእድ ቤት የምትናገረውን እንግሊዝኛ መከተል የሚያቅተው ስለዚህ ነው። ነገሩ የተማሪው ስንፍና ተደርጎ ብዙ ጊዜ ተወቅሷል። ወደ ኋላ ተመልሶ ታሪኩን ለሚመረምር ግን ጥፋቱ ወይም ጉድለቱ ከሌላ ቦታ የመጣ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ችግር የባዕድ ተማሪ ችግር መሆኑን አስቀድሞ በግልጽ የጻፈው ሰው ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ አለመሆኑ የሚያስገርም ነው። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው ታላቅ መዝገበ ቃላት መቅድም ውስጥ፣ አንድ ግሥ ትንሽ ቃል እየተከተለው ትርጉሙን የሚለዋውጥበት ሁኔታ ከሁሉ ይልቅ የውጭ አገር ሰዎችን እንደሚያስቸግር ገልጾ፣ እነዚህን ጥምረቶች በብዙ ድካም እንደ ሰበሰበ ተናግሯል። ይኸው ጆንሰን ከሃያ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1735፣ የመጀመሪያ መጽሐፉ አድርጎ ያወጣው ፖርቱጋላዊው ጄሮኒሞ ሎቦ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ ነበር። ከመዝገበ ቃላቱ አራት ዓመት በኋላም ስለ አንድ የኢትዮጵያ ልዑል የሚተርከውን «ራስላስ»ን ደርሷል። ይህንንም መጽሐፍ በኦክስፎርድ የተማሩት ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። የኢትዮጵያ አንባብያን ጆንሰንን የሚያውቁት በልዑሉ ታሪክ ነው። መቅድሙ ግን ለእንግሊዝኛ መምህሮቻችን የበለጠ ይጠቅም ነበር፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ ንባብ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ብዙ ድካም ባቀለለ።

ሐረጋዊ ግሥ የሚለው ስያሜ ራሱ የተለመደው ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ አማካይነት ነው፤ ስሚዝ ቃሉን ያገኘው ከኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች አንዱ ከነበረው ከሄንሪ ብራድሊ መሆኑን ገልጿል። በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ ወር 1917 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ትምህርት ቤቱ ግን ያን ጊዜ እንግሊዝኛን ዋና መሣሪያው ያደረገ አልነበረም። በ1901 ዓ.ም. ከተከፈተው ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ጀምሮ የዘመናዊ ትምህርት ዋና ልሳን ፈረንሳይኛ ነበር። የባቡር ሐዲዱ፣ ፖስታውና የውጭ ጉዳይ ደብዳቤው የሚሠራው በፈረንሳይኛ ነው። እንግሊዝኛ ከጎን የሚሰጥ ትምህርት ነበር።

ይህ ለጉዳያችን ከተራ የታሪክ ዝርዝር በላይ ነው። ፈረንሳይኛ ከላቲን የተወለደ ቋንቋ ስለሆነ ግሦቹ እንደ አማርኛ ግሦች በአንድ ቃል የተሟሉ ናቸው። እንግሊዝኛም በኖርማኖች ዘመንና ከዚያ በኋላ ከፈረንሳይኛና ከላቲን የወሰዳቸው «ኮንቲኒው»፣ «ዲሴንድ»፣ «ሪተርን»፣ «ኤንተር» የመሳሰሉ ግሦች አሉት። ፈረንሳይኛ የተማረ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር እነዚህን እንደ ቀድሞ ወዳጅ ይጨብጣቸዋል፤ «ጎ ኦን»፣ «ጌት ዳውን»፣ «ካም ባክ»፣ «ጎ ኢን» የሚሉትን ግን የሰፈር ንግግር አድርጎ ያልፋቸዋል። የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝኛ ተማሪዎቻችንና ከእነርሱም ወጥተው መምህራን የሆኑት በዚህ በር የገቡ ናቸው።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ከተመለሰ በኋላ የእንግሊዝ ተጽዕኖ ስለ በረታ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ያዘ። በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ ተከፈተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በብሪቲሽ ካውንስል ርዳታ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ሥራ ጀመረ። በዊንጌት የተማሩ ልጆች ከእንግሊዛውያን መምህራን ጋር በአዳሪነት ስለ ኖሩ የቤት ውስጡን እንግሊዝኛ በጆሯቸው ለመልመድ ዕድል ነበራቸው። ቁጥራቸው ግን ጥቂት ነበር። በሌላ በኩል በ1943 ዓ.ም. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ያቋቋሙት በሉሲየን ማት የሚመሩ፣ አፋቸውን በፈረንሳይኛ የፈቱ የካናዳ ኢየሱሳውያን ነበሩ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጥ እንጂ ብዙዎቹ መምህራን ራሳቸው እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ከዚያ የወጣው ትውልድ የጻፈው እንግሊዝኛ የተጣራ፣ ቁም ነገረኛና ጥቂት ደረቅ ያለ መሆኑ ሊያስደንቅ አይገባም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህኛው ከራሳችን ቤት የተገኘ ነው። ከቤተ ክህነት ትምህርት የወረስነው ሰዋስው ግሥን የሚያየው በሥር ነው። ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ የሚባሉት አርእስት ተጠንተው ሌላው ግሥ ሁሉ በየቤቱ ይመደባል። እያንዳንዱ ግሥ አንድ ቃል፣ አንድ ቤት ነው። በዚህ ሥርዓት አእምሮው የተቀረጸ ሰው የአንድ ግሥ ግማሹ ከዓረፍተ ነገሩ ማዶ ተነጥሎ ቆሞ ሲያገኘው ግር ይለዋል፤ «ቴክ ዮር ሹዝ ኦፍ» በሚለው ውስጥ ያለችውን «ኦፍ» ትርፍ ቃል አድርጎ ይቈጥራታል።

በ1955 ዓ.ም. መስከረም የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ሲመጡ ነገሩ ፊት ለፊት ወጣ። በመጀመሪያው ዙር የመጡት ወደ 280 የሚጠጉ ሲሆኑ አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። በዕድሜ ከተማሪዎቻቸው ብዙ የማይርቁ፣ እንግሊዝኛን እንደ እናት ወተት የጠጡ ወጣቶች ናቸው። ከጥቁር ሰሌዳው የሚጽፉት እንግሊዝኛና ከአፋቸው የሚወጣው እንግሊዝኛ ሁለት ነበር። የመጽሐፉ «ዲስከቨር» በእነርሱ አፍ «ፋይንድ አውት»፣ «አራይቭ» ደግሞ «ሾው አፕ» ይሆናል። እንግሊዛዊው መምህር ቅጹን «ፊል ኢን» አድርጉ ሲል አሜሪካዊው «ፊል አውት» ይላል፤ አንዱ ወደ ውስጥ፣ ሌላው ወደ ውጭ መሆኑ ነው፤ ትርጉሙ ግን አንድ። ከሁለቱም የተማረ ልጅ እንግሊዝኛ ሕግ የሌለው ቋንቋ መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም።

ከዚያ በኋላ ፈተና የራሱን መፍትሔ ሰጠ፤ መፍትሔው ግን ከችግሩ ብዙ አይሻልም። ለማትሪክ የሚዘጋጅ ተማሪ ደብተሩን ለሁለት ከፍሎ በግራ «ፑት ኦፍ»፣ በቀኝ «ፖስትፖን»፤ በግራ «ፑት አውት»፣ በቀኝ «ኤክስቲንጒሽ» እያለ ዝርዝሩን ይሸመድዳል። ምርጫ ያለበትን ጥያቄ በዚህ ይመልሳል። ዓረፍተ ነገር እንዲሠራ ሲጠየቅ ግን ከቀኙ ዓምድ ይወስዳል። ሐረጋዊ ግሥ መታወቂያው እንጂ መናገሪያው አልሆነም።

ቃላቱ ትንንሽ መሆናቸው ቀላል እንደሚያስመስላቸው የታወቀ ነው። ቻርልስ ኦግደን እ.ኤ.አ. በ1930 ለዓለም ያቀረበው ቀላል እንግሊዝኛ 850 ቃላት ብቻ ሲኖሩት ከእነዚህ ውስጥ ግሦቹ 18 ነበሩ። የቀረውን ሁሉ «ጌት»ን፣ «ፑት»ን፣ «ቴክ»ን ከአቅጣጫ ቃላት ጋር በማጣመር እንዲናገሩት ታስቦ ነበር። ተቺዎቹም የቃላቱ ቁጥር ቢቀንስ የሚጠናው የትርጉም ብዛት አልቀነሰም አሉ፤ ትክክል ናቸው።

ችግሩ በዕለት ተዕለት ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚገለጥ ለማየት ከመካኒሳ አቦ ሠፈር ርቆ መሄድ አያስፈልግም። አማርኛ አቅጣጫን በግሡ ውስጥ ይቀብራል። «ገባ» ሲል ወደ ውስጥ፣ «ወረደ» ሲል ወደ ታች፣ «ተመለሰ» ሲል ወደ ኋላ መሆኑ የታወቀ ስለሆነ ሌላ ቃል አይሻም። «ወጣ» እንዲያውም ሁለት አቅጣጫ ይዟል፤ ሰው ከቤት ይወጣል፣ ዛፍ ላይም ይወጣል። እንግሊዝኛ ግን እንቅስቃሴውን ለግሡ፣ አቅጣጫውን ለትንሿ ቃል ያከፋፍላል፤ ከቤት ሲሆን «ጎ አውት»፣ ዛፍ ላይ ሲሆን «ጎ አፕ» ይሆናል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው አቅጣጫውን በአንድ ቃል የሚይዝለትን የላቲን ግሥ ይመርጣል። ስንፍና አይደለም፤ ከራሱ ቋንቋ የሚመሳሰለውን መፈለጉ ነው።

ቤት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሌላ ነው። «ሬዲዮኑን ክፈተው»፣ «ቴሌቪዥኑን ዝጋው» በአማርኛ የተለመደ አነጋገር ነው። ተማሪው ይህንን ይዞ «ኦፕን ዘ ሬዲዮ» ቢል፣ የሰማው እንግሊዛዊ መፍቻ አንሥቶ የሬዲዮኑን ክዳን የሚያወልቅለት ይመስላል፤ የተፈለገው «ተርን ኦን» ነበር። ልብስም እንዲሁ ነው። አማርኛ «ለበሰ» ሲል የማጥለቁን ድርጊትና ለብሶ መዋሉን በአንድ ግሥ ይገልጻል፤ እንግሊዝኛ የመጀመሪያውን «ፑት ኦን»፣ ሁለተኛውን «ዌር» ይላል። በብርድ ቀን ልጁን «ዌር ዮር ኮት» የሚል አባት ይኸው ነው የጎደለው። «ፈለገ»ም በእንግሊዝኛ ይበታተናል። የጠፋ ቁልፍ «ሉክ ፎር»፣ ከመዝገበ ቃላት የሚፈለግ ቃል «ሉክ አፕ» ነው። አንዳንዱ ግን ያለ ድካም ይገጥማል፤ የሚጮኸውን ስልክ አማርኛም እንግሊዝኛም «ያነሣዋል»።

እስከዚህ ልዩነቱ ተነገረ። የሚያስቆጨው ግን አማርኛ ራሱ ከሁለት ቃል የተሠራ፣ ትርጉሙም ከሁለቱ ድምር የማይገኝ ግሥ በገፍ ያለው ቋንቋ መሆኑ ነው። «ቁጭ አለ» ሲባል ማን ምን አለ? ማንም ምንም አላለም፤ ሰውየው ተቀመጠ። «ዝም አለ» የሚለው እንዲያውም አለመናገርን በ«አለ» ይናገራል። «ብድግ በል»፣ «ጋደም በል»፣ «ረጋ በል»፣ «ፈጠን በል» የሚሉት ትእዛዞች እንግሊዝኛ «ስታንድ አፕ»፣ «ላይ ዳውን»፣ «ካም ዳውን»፣ «ሀሪ አፕ» ከሚላቸው ጋር አንድ በአንድ ይሄዳሉ። ድምፅ ለመጨመርና ለመቀነስም «ከፍ አድርገው»፣ «ዝቅ አድርገው» ስንል እንግሊዝኛ «ተርን ኢት አፕ»፣ «ተርን ኢት ዳውን» ይላል፤ ከፍና ዝቅ በሁለቱም ቋንቋ በድምፅ ላይ ይሠራሉ። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ በመካኒሳ አቦ መንገድ ላይ ሲጫወት ይህንን ሁሉ ያለ መምህር ይናገራል።

እርግጥ ነው፣ ተመሳሳይነቱን ከልክ በላይ መለጠጥ አይገባም። በአማርኛው ጥምረት የትርጉሙን ሸክም የሚይዘው ፊተኛው ቃል ነው፤ «አለ» እና «አደረገ» ለጊዜ፣ ለጾታና ለቁጥር እንደ ማሰሪያ ያገለግላሉ። በእንግሊዝኛው ግን ግሡና ተከታዩ ሸክሙን ይካፈላሉ፤ አንዳንዴም ሁለቱም ጥለውት ሌላ ትርጉም ያነሣሉ። በተጨማሪም እንግሊዝኛ ተውላጠ ስሙን በሁለቱ መካከል ያስገባል። ሬዲዮ የሚለው ስም ሲጠራ «ተርን አፕ ዘ ሬዲዮ»ም ሆነ «ተርን ዘ ሬዲዮ አፕ» ማለት ይቻላል፤ በ«ኢት» ሲተካ ግን «ተርን ኢት አፕ» ብቻ ነው፤ «ተርን አፕ ኢት» ያለ ወዲያው ይታወቃል። በአማርኛ «ከፍ አድርገው» ሲባል ያችው «ው» መጨረሻ ላይ ተለጥፋ ትቀራለች። እንዲህ ያለውን ልዩነት ለተማሪ ማሳየት የሚቻለው ግን መጀመሪያ ተመሳሳይነቱን ካሳዩት በኋላ ነው።

ነገሩ የአማርኛ ብቻም አይደለም። ትግርኛ «ሱቕ በለ»፣ «ኮፍ በለ» ይላል። ኦሮምኛ ዝም በል ለማለት «ጨል ጄዺ» ሲል በዚያው በ«አለ» መንገድ ይሄዳል፤ ከዚህም አልፎ ተነሥ ለማለት «ኦል ከኢ»፣ ተቀመጥ ለማለት «ገዲ ታኢ» ይላል፤ «ኦል» ወደ ላይ፣ «ገዲ» ወደ ታች ነው። እነሆ «አፕ»ና «ዳውን» ከነሙሉ ሥራቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመውና በኢትዮጵያ የተካሄደውን የቋንቋ ጥናት ውጤት የያዘው መጽሐፍ፣ ሴማዊና ኩሻዊ የሆኑት የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በዘር ቢለያዩም በጉርብትና ብዛት የጋራ ባሕርያት እንዳፈሩ የሚያትት ምዕራፍ አለው፤ በ«አለ» የሚሠራው ጥምር ግሥም ከጋራ ባሕርያቱ መካከል የሚቈጠር ነው።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ በመካኒሳ የተቋቋመው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። በዚያ የሚሰጠው ትምህርት በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከስዊድን፣ ከኖርዌይና ከጀርመን ሚሲዮኖች ጋር በነበራት ግንኙነት ምክንያት ብዙ የውጭ መምህራን ከእነዚህ አገሮች መጥተዋል። ለእነርሱም እንግሊዝኛ ባዕድ ቋንቋ ነው። ነገር ግን ስዊድናዊው «ጊቭ አፕ»ን በቋንቋው «ዬ ኡፕ»፣ ጀርመናዊው «አውፍጌበን» ስለሚል ሐረጋዊ ግሥ ከአገሩ ይዞት የመጣው ነገር ነው። ከፊቱ የተቀመጠው የወለጋ ተማሪም «ኦል»ንና «ገዲ»ን ከቤቱ ይዞ መጥቷል። ልዩነቱ ስዊድናዊው ያንን ሀብት እንግሊዝኛ ሲማር እንዲጠቀምበት መፈቀዱ፣ የወለጋው ልጅ ግን ቋንቋውን ከክፍል ውጭ ትቶ እንዲገባ መደረጉ ነበር። በዘመኑ የትምህርት ሥርዓት ኦሮምኛ በክፍል ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ አማርኛም ቢሆን እንግሊዝኛ በሚሰጥበት ሰዓት እንደ ነውር ይቈጠር ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ፣ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሆን ወሰነ። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በሳተላይት የሚተላለፈው የቴሌቪዥን ትምህርት ሲጀመር፣ ተማሪው ደግመህ ንገረኝ የማይባል መምህር ገጠመው። የሂሳብ ቀመሩን ቢያውቅም በፈጣን እንግሊዝኛ የሚሰጠው «ራይት ዳውን»፣ «ወርክ አውት»፣ «ጎ ኦቨር» የመሰለ የክፍል ትእዛዝ ካመለጠው ትምህርቱም አብሮ ያመልጠዋል።

አንዲት ትንሽ ሐረግ ምን ያህል ልታስከፍል እንደምትችል ዓለም ያየው መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በቴኔሪፍ ደሴት ነው። የሆላንዱ አየር መንገድ አብራሪ በጭጋግ ውስጥ በራዲዮ የተናገረው ቃል «ቴክ ኦፍ» የሚል ነበረበት፤ የቁጥጥር ማማው በመነሻው ቦታ ላይ ቆመናል እንዳለ አድርጎ ተረዳው፤ አውሮፕላኑ ግን ለመነሣት መንደርደር ጀምሮ ነበር። ሁለት ትልልቅ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ለአደጋው ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩት። ይሁንና ከዚያ ወዲህ «ቴክ ኦፍ» የሚለው ቃል በራዲዮ የሚነገረው የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲሆን፣ በሌላ ጊዜ «ዲፓርቸር» እንዲባል ሥርዓት ወጣ። በዚህ አንድ ቦታ የላቲኑ ቃል ተመራጭ መሆኑን የመካኒሳው ተማሪ ቢሰማ ደስ ሳይለው አይቀርም።

ለመምህሩ የሚረዳ መሣሪያ ፈጽሞ አልጠፋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ሁለት መጻሕፍት በአንድ ዓመት ወጡ፤ አንደኛው አምሳሉ አክሊሉና ሞስባክ ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት፣ ሁለተኛው የፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ሰፊ ሥራ ነው። የሌስላው መጽሐፍ ቃልን ለብቻው ተርጉሞ አይተውም፤ በተራ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ይሰጣል፤ ስለዚህም «ቴክ» ወይም «ጌት» በሚለው ሥር የሚከተሏቸው ትንንሽ ቃላት ሁሉ ከነአማርኛቸው ይገኛሉ። በአውሮፓ የታተመና ውድ ስለሆነ ግን ከቤተ መጻሕፍት አልፎ በየትምህርት ቤቱ አልገባም። በ1979 ዓ.ም. ደግሞ ዳኛቸው ወርቁና አምሳሉ አክሊሉ የአማርኛ ፈሊጦችን ሰብስበው አሳተሙ። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ዘርግቶ የሚያስተምር መምህር የሁለቱንም ቋንቋ ባሕርይ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያገኛል።

በዚህ መካከል ሕዝቡ ትምህርት ቤቱን ሳይጠብቅ የራሱን መንገድ አውጥቷል። ሐረጋዊ ግሥ መጀመሪያ ወደ አማርኛ የገባው ስም ሆኖ ነበር፤ ዕቃ የሚጭነው «ፒካፕ»፣ የቦክሰኛው «ኖካውት»፣ የሐኪም ቤቱ «ቼካፕ»፣ የስፖርተኛው «ፑሻፕ» ሁሉም ከሁለት ቃል ተጨፍልቀው አንድ የሆኑ ናቸው፤ ተናጋሪውም መገጣጠሚያቸውን አያይም። ኮምፒዩተርና የእጅ ስልክ ከተስፋፉ ወዲህ ግን በግሥነታቸው መምጣት ጀመሩ፤ ሲመጡም የገቡት በ«አደረገ» በር ነው። በመካኒሳ አቦ መንገድ ዳር ያለው የስልክ ጠጋኝ ለደንበኛው «መጀመሪያ ባካፕ አድርጊው፤ ከዚያ ሎግ አውት አድርገሽ እንደገና ሎግ ኢን አድርጊ» ሲል፣ የእንግሊዝኛው «አውት»ና «ኢን» ቦታቸውን ሳይስቱ፣ የአማርኛው ማሰሪያም ጾታና ቁጥሩን ሳያጎድል አብረው ይሄዳሉ። ደንበኛዋም የተባለችውን አድርጋ ስልኩ ሲሠራላት ከፍላ ትሄዳለች።